አብረህ አትንሸራተት

ቤቴ ከዘንገና ሐይቅ ወዲህ፣ ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ ነው። በበጋ ከደጄ እስከ መኪና መንገዱ ያለው መንገድ አንድ ዘፈን በፉጨት አያስጨርስም። ክረምት ሲገባ ግን መካከል ላይ ያለው ረግረግ ይነሣና አላፊ አግዳሚውን ይፈትናል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ስፈተን ኖሬ አንድም ጊዜ አላለፍኩም።

በወጣትነቴ ፈረሰኛ ነበርኩ። ይህን በድፍረት የምጽፈው ፈረሱ ስለሞተ ነው። በሕይወት ቢኖር፣ እዚያው ረግረግ ውስጥ፣ የታጨችልኝ ልጅ ከነዘመዶቿ ቆማ እያየች እንዴት አድርጎ እንደ ጣለኝ ይመሰክርብኝ ነበር። ልጅቷ ግን አገባችኝ። ኋላ ለምን እንደሆነ ስጠይቃት፣ "የሚያነሣህ ሰው ሲጠፋ አይቼ ነዋ" አለችኝ።

በቤታችን ውስጥ ጥኑ ነገር እሷ ነበረች። "አይሆንም" ካለች አይሆንም ነው። ሲብስባት በአገውኛ ትለዋለች፤ ያን ጊዜ ከብቶቹም ቀጥ ይላሉ። እኔ ደግሞ "እንደ ወደዳችሁ" ባይ ነኝ። አንዲት ልጃችን አንድ ነገር ስታስብ መጀመሪያ ወደ እኔ ትመጣለች፤ "እንደ ወደድሽ" እላታለሁ። ከዚያ እናቷ ዘንድ ሄዳ ትሟገታለች። ተሟግታ ስትጨርስ የምትፈልገውን ታውቃለች። ባለቤቴ ከሞተች በኋላ በቤቱ የቀረው የእኔ "እንደ ወደድሽ" ብቻ ሆነ።

ልጄ ያን ጊዜ ውጭ አገር ሁለተኛ ዲግሪዋን ጨርሳ ነበር የመጣችው። ነሐሴ ነው፤ ዝናቡ ቀንም የለው ሌትም የለው። የምታጠናው ስለ ሴል ነው፤ በትምህርት ቤት ሕዋስ የሚሉት፣ ሰውነታችን የተሠራበት በዓይን የማይታይ ነገር። አንዳንዱ ሴል አርፎ አይቀመጥም፣ ከቦታ ቦታ ይሄዳል አለችኝ። ቁስል የሚድነው እንኳ ዳር ያሉት ወደ መሐል ስለሚሄዱ ነው።

"ለምን ይሄዳል? ቤት አጥቶ ነው?"

"እሱን ነው የማጠናው፣ አባዬ።"

መብራት ጠፍቶ ስለነበር በኮምፒውተሯ የቀረ ባትሪ አንድ ቪዲዮ አሳየችኝ። መሐሉ እንደ አስኳል ያበጠ፣ ዙሪያው እንደ ነጠላ የሳሳ ነገር ነው። ጠርዙን ወደ ፊት ይዘረጋል፣ ያርፋል፣ ኋላውን ይሰበስባል፣ ደግሞ ይዘረጋል።

"ይሄማ እኔ ነኝ" አልኳት። "ጋቢዬን ሰብስቤ ረግረጉን ስሻገር ማን ቀረጸኝ?"

"አንተ እንኳ ከሱ ትፈጥናለህ። ይሄ የሰዓታት ጉዞ ነው፤ እኛ ነን ያፈጠንነው።"

የሚሄድበትን ወለል የምታዘጋጀው ራሷ ናት። በአንድ ወገን እንደ እርጎ የላላ፣ ወደ ሌላው ወገን እየጠና እየጠና የሚሄድ። ሴሉን መሐል ላይ ታስቀምጠዋለች፤ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ጠናው ወገን ይሄዳል።

"ዓይን የለው፣ በምን ያውቃል?"

"በመጎተት። ጠርዙን ዘርግቶ ይጣበቅና ወለሉን ወደ ራሱ ይስባል። ወለሉ ተስቦ ከመጣለት መያዣ አጣ ማለት ነው፤ ይላቀቃል። ወለሉ እምቢ ካለው ግን፣ እሱ ራሱ ወደዚያ ይሳባል።"

"እንግዲያው አለት ላይ ብታደርጊው ይጋልባላ።"

"አይጋልብም። በጣም ሲጠና ደግሞ አጥብቆ ይጣበቅና ለመላቀቅ ይቸገራል። ደህና የሚሄደው በመካከል ነው፤ የጠናም፣ የሚለቅም ሲሆን።"

የማንን ነገር እንዳሰብን አልተነጋገርንም፤ ግን ዓይናችን ባለቤቴ ትቀመጥበት የነበረው መደብ ላይ ነበር። ከዚያ ባትሪው አለቀ።

ነገሩ ይህ ነው። ያስተማሯት ሰዎች ለዶክትሬት ተመለሽ ብለዋታል፤ ብዙ ዓመት ነው። እንጅባራ ደግሞ አዲስ ዩኒቨርሲቲ ተከፍቶ አስተማሪ ይፈልጋል። መልሷን ወሩ ሳያልቅ መጻፍ አለባት። በየቀኑ፣ ድንች ስንልጥም፣ ጥጃ ስናስርም፣ "አባዬ፣ ልሂድ ወይስ ልቅር?" ትለኛለች። እኔ "እንደ ወደድሽ" እላለሁ። ከዚያ አንድ ቀልድ እጨምርበታለሁ፤ ትስቃለች፤ ስቃ ስትጨርስ ፊቷ መልሶ ይጨልማል።

የምፈልገውን አጥቼው አይደለም። እንድትቀር ነበር የምፈልገው። ከባለቤቴ ሞት በኋላ በዚያ ቤት ውስጥ የሁለት ሰው ድምፅ የተሰማው በዚያ ነሐሴ ነው። "ቅሪ፣ ልጄ" የሚለውን ላሚቱ ላይ ተለማመድኩት፤ ላሚቱ ቀረች። ልጄ ፊት ስቆም ግን አፌ አልታዘዝ ይለኛል። ያ የሚጣበቀው ሴል ትዝ ይለኛላ። ቅሪ ብዬ ብጫናት አዝናልኝ ትቀራለች፤ አዝናልኝ የቀረች ልጅ ደግሞ በየማለዳው ቅሬታዋን ይዛ ፊቴ ትቀመጣለች።

መልሱ የሚላክበት ቀን ደረሰና አብረን ወደ ከተማ ወጣን፤ በእኛ ሠፈር ኔትወርክ የሚባል ነገር የለም። ምን ብላ እንደምትጽፍ አላወቀችም ነበር። ረግረጉ ጋ ስንደርስ ጫማዋን አውልቃ ትከሻዬን ያዘች። እኔ ምርኩዜን ተክዬ ቆምኩ። አንድ እግሯ ሲከዳት ተደግፋ ገፋ አደረገችኝ፣ እኔም ይድላት ብዬ አብሬ ዘመም አልኩ። ስትጎትተኝ ተጎተትኩላት።

"አባዬ፣ ጸንተህ ቁም እንጂ፤ አብረህ አትንሸራተት" ስትል ሰማሁ።

ስትጨርሰው ሁለታችንም ተቀምጠን ነበር፤ ጭቃው እስከ ወገባችን። ፈረሱ የጣለኝ ቦታ ከዚያ አይርቅም። ሳቅን፤ እሷ ግን ሳቋ መሐል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረባት።

"እናቴ ብትኖር" አለች፣ "አይሆንም ትለኝ ነበር። ተጣልቻት እወስን ነበር።"

አስፋልቱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ሚኒባስ ስንጠብቅ ነው የነገርኳት። ቀልድ ፈልጌ ነበር፤ ጭቃ ውስጥ ወድቆብኝ ይሆናል፣ አጣሁት።

"እንድትቀሪ ነው የምፈልገው" አልኳት። "አልከለክልሽም። ብትሄጂ አልቀየምሽም። ግን እንደ ወደድሽ አልልሽም፤ እኔ መሄድሽን አልወደድኩትማ። ቤቱ ባዶ ነው።"

የጣቶቿን ጭቃ ስትፍቅ ቆየች። "ይህን ስትለኝ የመጀመሪያህ ነው" አለች።

ሚኒባሱ ቆመ። ሾፌሩ ከላይ እስከ ታች አየኝና "አባባ፣ እርሻውን ይዘው ነው የሚሳፈሩት?" አለ። "ከተማ ላይ መሬት ተወደደ ሲሉ ሰምቼ ነው" አልኩት። ወደ ኋላ ወንበር አሳለፈን። እስከ እንጅባራ ድረስ ልጄ በመስኮቱ ወደ ውጭ ታይ ነበር።

ኢንተርኔት ቤት ስትገባ እኔ ከጣራው ክፈፍ ሥር ቆምኩ። ጭቃው እላዬ ላይ ደርቆ እንደ ሸክላ ሆኛለሁ፤ ዞር ብል የምሰበር መሰለኝ። ከፊት ለፊቴ ባጃጆች በኮብልስቶኑ ላይ ሽው ይላሉ። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል፤ ፊቷ ላይ የከረመው ጭጋግ ግን የለም።

"ጻፍኩ።"

"ምን ብለሽ?"

"እሄዳለሁ ብዬ።" ክንዴን ያዘችኝ። "ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጬ በሆዴ ስሟገትህ ነበር፣ አባዬ። እዚያ የጀመርኩትን ሳልጨርስ ብቀር ምን እንደምሆን ነገርኩህ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ዛሬም እንደ ወደድሽ ብትለኝ ኖሮ፣ እስካሁን እዚያ ጭቃ ውስጥ ነበርኩ።"

እንግዲህ ባለቤቴ ስትሠራው የኖረችውን ሥራ አንድ ጊዜ ሠራሁ፤ እሱም ዞሮ በእኔው ላይ ዋለ። ስሜ በሳይንስ መጽሐፍ ባይገባ ቅር አይለኝም፤ ራሱን አጠንክሮ ልጁን የሸኘ ወለል ተብሎ ከሚገባ ቢቀር ይሻላል። ልጄ ክንዴን እንደ ያዘች ገበያውን ዞርን። ድንች ጠየቅን፣ ሳንገዛ ተመለስን።

መስከረም ላይ ሄደች። ረግረጉ ገና አልደረቀም ነበር፤ ሳሻግራት ግን ትከሻዬ አልተነቃነቀም። ማዶ ደርሳ ዞር ስትል እኔ እዚያው ነበርኩ። በእርግጥ እንደ ችካል ጠልቄ ስለነበር እግሬን ማውጣት አቅቶኝ ነው፤ እሷ ግን ጽናት መስሏት እጇን አውለበለበች።

አሁንም በየክረምቱ ብቻዬን እሻገረዋለሁ። ከተማ ወጥቼ ስልኳን እጠብቃለሁ፤ ስትደውል ቀልድ አስቀድሜ፣ ቀጥዬ "ናፍቀሽኛል፣ መቼ ነው የምትመጪው?" እላለሁ። "እንደ ተመቸሽ" አልልም። ስመለስ ይመሻሻል። ረግረጉ መሐል ላይ ምርኩዜ ሲሰምጥ፣ እኔም ተከትዬው ዘመም ስል፣ ቆጣ ብዬ "ጸንተህ ቁም እንጂ፤ አብረህ አትንሸራተት" እለዋለሁ። ድምፁን እንደ እሷ ለማድረግ እሞክራለሁ። ምርኩዙ አይታለልም፤ እኔ ግን አንዳንድ ጊዜ ዞር ብዬ አያለሁ።