የደጋ ደም ወባ ሲገጥመው

ከሠርጋችን በኋላ መልስ የተጠራነው ከደጀን ቁልቁል ወርደን፣ ዓባይ በረሃ አባቴ ቤት ነበር። ባለቤቴ ሞጣ ተወልዶ ቢቸና ሳይንስ የሚያስተምር የደጋ ሰው ነው። በዚያ በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ መምህር ማለት ትልቅ ሰው ስለነበር፣ አባቴ ጭስ ካለበት ቤት ግባ ቢሉት ትንኝ አልፈራም ብሎ ነፋሻው ደጅ ላይ ተኛ።

ቢቸና ተመልሰን ጥቂት እንደሰነበትን ብርድ ብርድ አለው። ጋቢ በጋቢ ላይ ብደራርብለት አልጋው ይንቀጠቀጣል። ጤና ጣቢያ ደሙን አይተው ወባ ነው አሉና ክኒን ሰጡት። ወሬው ሞጣ ደርሶ ኖሮ አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ በጭነት መኪና ከች አሉ።

እጃቸውን ከልጃቸው ግንባር ሳያነሱ፣ «ምን አብልታችሁ ሰደዳችሁልኝ?» አሉኝ።

ይህን ሲሉ አባቴ ማር ይዘው ሊጠይቁት ገቡ። እሳቸውንም በዚያው ሰሞን ወባ ነክታቸው ነበር፤ ግን ራሳቸውን ትንሽ ቢያማቸው ነው እንጂ ማሽላቸውን ሲያጭዱ ነው የከረሙት። ይህን ሲሰሙ የአማቴ ጥርጣሬ ባሰ። አንድ በሽታ ሽማግሌውን ምሮ ሙሽራውን እንዴት ያጋድማል?

ባለቤቴ ካልጋው ቀና ብሎ ማስተማር ጀመረ። ጥርሱ እየተንገጫገጨ ቃሉ ሁሉ ሁለት ሁለት ጊዜ ነበር የሚወጣው። የወባዋን ተባይ ያገኘ ነጭ የደም ሕዋስ ኬሚካል እየረጨ ሌሎቹን ለርዳታ ይጠራል፤ ያው ኬሚካል አንጎል ሲደርስ ገላውን አሙቅ ብሎ ያዛል፤ ስለዚህ ትኩሳቱን ያመጣው የገዛ ደሙ ጥሪ ነው። ቆላ ያደገ ሰው ግን ከልጅነቱ እየታመመ ደሙ ጠላቱን ስለለመደ፣ ብዙ ሳይጠራራ ይይዘዋል።

አማቴ በጥሞና ሰሙት። «እንግዲያው ቀስ ብለው ይጠራሩ በላቸው» አሉ።

አባቴ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው፣ ልጁ ደጋግሞ ቢጎበኛቸው ደሙ ጨዋ እንደሚሆን ተናገሩ። አማቴ ሁለተኛ ዓባይን አይወርድም ብለው ማሉ።

በክኒኑም በጥሪውም ላብ አጠመቀውና ትኩሳቱ ለቀቀው። ምግብ ሲጠይቅ አማቴ ፊታቸው ፈታ አለ፤ እኔንም ልብ ብለው አዩኝና፣ ያንቺስ ደም እንዳባትሽ የለመደ ነው ወይ አሉኝ። አዎን አልኳቸው።

«በይ ስትወልጂ መልኩን ከልጄ፣ ደሙን ካንቺ ይውሰድ።»

ባለቤቴ እንዲህ ያለው ነገር በውርስ እንደማይተላለፍ ሊያስረዳ ብድግ ሲል፣ አማቴና እኔ ተጋግዘን መልሰን አስተኛነው።