ቦታውን የማያውቅ ቀይ ቀለም

ሰቆጣ ውስጥ በጽሕፈትና ኅትመት ሥራ ስኖር ብዙ ዓይነት ደንቆሮ ገጥሞኛል፤ እንደዚያ የጽሑፍ ፕሮግራም ያለ ግን አላየሁም። ደንቆሮ ሰው ሲሳሳት ቢያንስ ያፍራል፣ ወይ ይቆጣል። ይሄ ግን የሰጠሁትን ሁሉ አበላሽቶ ሲያበቃ «ሥራዎ በሚገባ ተቀምጧል» የሚል አረንጓዴ ምልክት ያሳየኛል።

ነገሩ የጀመረው በልጅነቴ ፊደል ያስቆጠሩኝ የኔታ አንድ የብራና ድርሳን በነጠላ ጠቅልለው ሱቅ ሲመጡ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ከደብሩ ንዋያት ጋር ዋሻ ተደብቆ ውሃ ገብቶበታል፤ ገጾቹ እርስ በርስ ተጣብቀዋል። ለንግሡ እንዲደርስ በኮምፒውተር ጽፌ እንዳትምላቸው ፈለጉ።

«ልጄ፣ ቀዩን አደራ» አሉኝ። «የእመቤታችን ስም፣ የመላእክቱም ስም በቀይ ነው። ጥቁሩን ዓይኔ አይለይልኝም። ቃሉን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ግን ምንባቡ ይመሳሰላል፣ የት እንደደረስኩ የሚነግረኝ ቀዩ ነው። እሱ ካለ ዘንድሮም አነባለሁ። ከሌለ ለሌላ መልቀቄ ነው።»

የተጣበቀውን ገጽ ቀስ እያልኩ እየላቀቅሁ ጽፌ ስጨርስ ስሞቹን አንድ በአንድ ቀይ አደረግኋቸው። ፋይሉን ዘግቼ ስከፍተው ቀዩ ሁሉ ወደሚቀጥለው ቃል ተንሸራትቷል። በብራናው ላይ ቃልን ከቃል የሚለየው ሁለት ነጥብ ነው፤ ባዶ ቦታ የለም፤ እኔም እንዳለ ነው የገለበጥኩት። ይሄ ሊቅ ፕሮግራም ደግሞ ቃል የሚለየው በባዶ ቦታ ብቻ ነው፤ ሁለት ነጥብ የሚባል ነገር ሰምቶ አያውቅም። አንዱ ገጽ ላይ መልአኩ ጠቁሮ፣ አጠገቡ ያለው ሰይጣን በቀይ ቀለም ተከብሮ አገኘሁት።

ጠጋኝ ጠራሁ። የከተማችን ኮምፒውተር ጠጋኝ ለበሽታ ሁሉ አንድ መድኃኒት አለው፦ «ፎርማት እናድርገዋ!» አደረገው። በኮምፒውተሩ ላይ የነበረው ሁሉ ጠፋ፤ ችግሩ ብቻ ተረፈ። ድርሳኑን ከመጀመሪያው እንደ አዲስ ጻፍኩት።

ለፕሮግራሙ ሠሪዎች በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ጻፍኩ። ችግሩን እናውቀዋለን፣ በሚመጣው ማሻሻያ ይስተካከላል የሚል መልስ መጣ። ያውቁታል እኮ! አውቀው ነው የተቀመጡት። ማሻሻያውን መብራት እየሄደ እየመጣ፣ ኔትወርክ እየለመንኩ አወረድኩት። ምን አሻሽለው ኖሯል? ማዕዘን የነበራቸውን ምልክቶች ድቡልቡል አድርገዋቸዋል። ቀዩ እንደሆነ መንሸራተቱን አልተወም። እነዚህ ሰዎች ለዚህ ሥራ ደመወዝ እንደሚበሉ ባሰብኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ሲመረኝ ራሴ ዘዴ ፈለግሁ። ከየሁለት ነጥቡ ኋላ ባዶ ቦታ አስገብቼ ስሞቹን እንደገና ቀባሁ። ዘጋሁ፣ ከፈትኩ፤ ያዘልኝ። በንግሡ ዋዜማ መብራት ሲመጣ አተምኩት። የመጀመሪያዎቹን ገጾች አየሁ፤ ቀዩ በየቦታው ነው። ጠርዤ ለየኔታ ሰደድኩላቸው።

በማግስቱ ቤተ ክርስቲያኑ ጢም ብሎ ሞልቷል። የኔታ አትሮንሱ ፊት ቆመው ማንበብ ጀመሩ። ድምፃቸው እንደ ድሮው ነው። ቀዩ ጋ ሲደርሱ ራሳቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፣ ይቀጥላሉ። እኔም ከሴቶቹ በኩል ቆሜ ደስ ብሎኛል። መሐል ላይ አንድ ገጽ ገለጡና ቆሙ። ጣታቸው ወረቀቱ ላይ ወዲያ ወዲህ አለ። ወደ ኋላ ተመልሰው ጀመሩ፤ እንደገና ቆሙ። ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። ያ ከንቱ ፕሮግራም ሲያትም ከመሐል ጀምሮ ቀዩን መልሶ አንሸራትቶታል።

የኔታ መጽሐፉን አጠገባቸው ለቆሙት ቄስ ሰጥተው ወደ ግድግዳው ሄዱና መቋሚያቸውን ተደገፉ።

ሲወጡ ሮጬ ደረስኩባቸው። «የኔታ፣ እርስዎ አልተሳሳቱም! ፕሮግራሙ ነው፤ ቀዩን ያለ ቦታው ያስቀመጠው እሱ ነው» አልኳቸው። መጽሐፉን ተቀብዬ የተበላሸውን ገጽ ገለጥኩላቸው። ደብዳቤ ለሠሪዎቹ መጻፍ ይቻላል፤ ለእሳቸው ግን ዓይናቸው የማይለየውን ጥቁር የማሳይበት መንገድ አልነበረኝም።

እጃቸውን ዘርግተው ራሴን ዳሰሱኝ።

«ተይ ልጄ፣ እኔን ለማጽናናት ብለሽ አትዋሺ። የመኪና ጽሕፈት አይሳሳትም። ዓይኔ ነው ያለቀው» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ አትሮንስ ፊት አልቆሙም።