የአንድ ቀን ዩኒቨርሲቲያችን

ነቀምቴ በእኔ የተማሪነት ዘመን ዩኒቨርሲቲ የነበራት አንድ ቀን ብቻ ነው። ጠዋት ተከፈተ፣ ማታ ተዘጋ። ይህን የሚሰማ ሁሉ ይስቅብኛል፤ ይሳቅ! እኔ ግን የዚያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ፤ ዛሬም ያን ቀን ሳስበው ልቤ ይዘላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በንጉሡ ዘመን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ትምህርቱን ከመጨረሱ በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ወጥቶ ያስተምር ነበር። ለእኛም ለአሥራ ሁለተኛ ክፍሎች አንድ ደረሰን፤ ጎፈሬው በበር የማይገባ፣ ሱሪው ከታች እንደ ቀሚስ የሰፋ፣ ቀልደኛ የአዲስ አበባ ልጅ። ባዮሎጂ ያስተምረናል፣ ቴያትር ያሠራናል። ከኦሮምኛ የሚያውቃት ሰላምታዋን፣ «አካም»ን ብቻ ናት፤ እሷን ግን ለሰውም ለበቅሎም ሳይሰስት ይላታል።

ማትሪክ ተፈትነን ውጤት ስንጠብቅ፣ እሱም ሊመለስ ሲሰናዳ፣ አንድ ቀን ክፍል ገብቶ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠና «ሁላችሁንም አዲስ አበባ ልወስዳችሁ አልችልም። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲውን እዚህ አመጣዋለሁ» አለን። ክፍሉ በጩኸት ተናጋ። ግቢያችን ለአንድ ቀን ዩኒቨርሲቲ ሊሆን! ንግግር አለ፣ ቤተ ሙከራ አለ፣ ክርክር፣ ኳስ፣ ገመድ ጉተታ፣ መጨረሻ ላይ ቴያትር። የከተማው ሰው ሁሉ ተጠራ።

ጓደኞቼ የቸኮሉት ለጨዋታው ነበር፤ እኔ ግን ለአባቴ ነበር። አባቴ ጎጃሜ ነው። በወጣትነቱ ዓባይን ተሻግሮ መጥቶ ገበያ ዳር ጨርቅና ጨው መሸጥ ጀመረ፤ የጊምቢ ልጅ የሆነችውን እናቴን አገባና እዚያው ቀረ። ኦሮምኛውን ያቀላጥፈዋል፤ ሲቆጣና ሲጸልይ ብቻ ወደ ጎጃምኛው ይመለሳል። ማትሪክ ካለፍኩ አዲስ አበባ ልሂድ ወይ ብዬ የጠየቅኩት ማታ የጎረሰውን ውጦ ቀና አለና፣ በዚያው በጎጃምኛው፣ «ሴት ልጅ ከእኔ ቤት በሽማግሌ ተጠይቃ ነው የምትወጣ። ሻንጣ አንጠልጥላ አትወጣም!» አለኝ።

በቃ። አባቴ አንዴ ከተናገረ ተናገረ ነው። እናቴ ለመነችው፣ ጎረቤት ለመነው፣ የንስሐ አባቱ እንኳ ነካ አደረጉት፤ ወይ ፍንክች! እኔም እልኸኛ ነኝ፤ የማን ልጅ ሆኜ! ያን ዕለት ግቢያችንን አይቶ ልቡ እንዲለሰልስ ቆርጬ ተነሣሁ።

ጠዋት፣ ጭጋጉ ከጨለለቂ ሰፈር በኩል ሳይነሣ ግቢ ደረስኩ። ከትምህርት ቤቱ አሮጌ መጋረጃ የተሰፋ ጥቁር ካባ አጠለቅን። የኔው መሬት ይጎተታል፤ ብብቱ ሥር የመጋረጃ ቀለበት ተረስቶበት ስራመድ ቅጭል ቅጭል ይላል። ምን ቸገረኝ! መምህራችን በር ላይ አቆመኝና እንግዳ ሁሉ «ይግቡ፣ ጌታዬ» ሳይባል እንዳይገባ አዘዘኝ። ስንቱን አስገባሁት! ነጋዴው፣ አስተማሪው፣ ቄሱ፣ የሚሲዮን ክሊኒክ ነርሶች፣ ከቡርቃ ጃቶ ሰፈር ልጆቻቸውን አዝለው የመጡ እናቶች። ደጋግሜ ከማለቴ የተነሣ ድምፄ ጎረነነ።

አባቴ ነጭ ኩታውን ለብሶ ከእናቴ ጋር መጣና ከበሩ ፊት ቆመ። የሰው ደጅ ሳይጠራ አይረግጥም፤ ልማዱ ነው። አባዬን አንቱ ብዬው አላውቅም፤ ያን ቀን ግን ጎንበስ ብዬ «ይግቡ፣ ጌታዬ» አልኩት። ፊቱን ኮስተር አደረገ። እናቴ ግን አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች፤ እሱም ለመሳቅ እንዳማረው አወቅኩ።

ከግቢያችን ዋርካ ሥር መምህራችን በሽታ ከየት እንደሚመጣ በአማርኛ ተናገረ፤ እኔ በኦሮምኛ አስተረጎምኩ። ምን እንዳልኩ ግማሹን አላስታውስም። የማስታውሰው እናቴ ጎኗ ያለችውን ሴትዮ በክርኗ እየጎሸመች «የኔ ናት፣ የኔ ናት» ስትል ነው። ከዚያ ሰዉ ወደ ቤተ ሙከራው ጎረፈ። ከግቢው በታች ካለችው ምንጭ አንድ ጠብታ ተቀድቶ ማይክሮስኮፕ ሥር ተቀምጧል። ሰዉ በተራ እያጎነበሰ ያያል፣ «ውይ!» ይላል፣ ወደ ኋላ ይላል።

ተራቸው ሲደርስ አንድ የባኬ ጃማ ሰፈር ሽማግሌ አጎነበሱ። እሳቸውን የማያውቅ የለም፤ ጎረቤት ሲጣላ የሚያስታርቁ፣ ልጅ ሲታጭ የሚላኩ፣ እሑድ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን በብብታቸው ይዘው ፊተኛው ወንበር ላይ የሚቀመጡ ረጅም ሰው ናቸው።

«ይህ ሁሉ ሲርመሰመስ ነው ስጠጣው የኖርኩት?» አሉ በኦሮምኛ፣ ዓይናቸውን ሳያነሡ።

«አዎን፣ አባባ። ሲፈላ ይሞታል።»

«ይህን የሚያሳየው ቤት የት ነው?»

«አዲስ አበባ ነው። ይሄ ቅምሻው ነው።»

«አንቺስ ትሄጃለሽ?»

«አባቴ ያለ ሽማግሌ ከቤቴ አትወጪም ብሏል» አልኩ። ለማልቀርባቸው ሰው ሆዴን መዘርገፌ አሳፈረኝ። እሳቸው ግን ለኋለኛው ሰው ቦታ ለቀቁ።

ከቀትር በኋላማ ምኑ ቅጡ! «ሬዲዮ ይሻላል ወይስ በቅሎ?» ተብሎ ክርክር ተገጠመ፤ በጭብጨባ ብዛት በቅሎ አሸነፈች። የሬዲዮ ተከራካሪው አኩርፎ ካባውን አወለቀ። ጨለለቂና ባኬ ጃማ ገመድ ሲጓተቱ ገመዱ ተበጥሶ ሁለቱም ወገን ጭቃው ላይ ዘጭ አለ። ያን ጊዜ አባቴ ሲስቅ አየሁት! ሆዱን ይዞ፣ እንባው እስኪፈስ። እሰይ አባዬ፣ ሳቅ፣ እንደሱ ሳቅ፣ እያልኩ ከሩቅ እጸልያለሁ።

ወዲያው ዝናቡ መጣና ሁላችንም እየተጋፋን አዳራሽ ገባን። ቴያትሩ ደረሰ። መምህራችን ራሱ የጻፈው ነው። ሽማግሌዎች ሳር ይዘው ይመጡና ለአንድ ከርሠ ሰፊ ቱጃር ልጅ ይለምናሉ፤ አባት በከብት ብዛት ተታሎ ይሰጣል፤ ሙሽራይቱ ታለቅሳለች፤ መጋረጃ። ሙሽራይቱ እኔ ነኝ። አባትየው በከሰል ጢም የተሳለለት የክፍሌ ልጅ ነው። ቱጃሩ ደግሞ ኮቱ ሥር ትራስ የወተፈ ሌላ ልጅ።

ሽማግሌዎቹስ? ጉዱ እዚህ ላይ ነው። በልምምድ ጊዜ የጥጥ ጢም የለጠፉ ልጆች ብቅ ሲሉ ሁላችንም በሳቅ እንፈርሳለን። መምህራችን መላ አጣና «ሽማግሌ የሚመስል ከምፈልግ ለምን ሽማግሌውን ራሱን አላመጣም?» ብሎ የባኬ ጃማውን ሰውዬና ሁለት ባልንጀሮቻቸውን ለመናቸው። ገብተው ሳሩን ይዘው ልጅ ይጠይቃሉ፣ አባት እሺ ይላል፣ ይወጣሉ፤ ሌላ የለውም። እሳቸውም እሺ አሉት። ልምምድ ኑ ሲባሉ ግን «ለሽምግልና ምን ልምምድ ያሻል?» ብለው ቀሩ። ያኔ ነበር መጠርጠር የነበረብን። እውነተኛ ሽማግሌ እርጥብ ሳር ጨብጦ ሲቆም ጨዋታ የሚባል ነገር እንደሌለ የአዲስ አበባ ልጅ በምን ይወቀው!

መጋረጃው፣ ማለት አንሶላው፣ ተገለጠ። በነጠላ ተሸፋፍኜ ዱካ ላይ አቀርቅሬያለሁ። ሦስቱ ሽማግሌዎች ከዝናቡ በተነጨ እርጥብ ሳር እጃቸውን ሞልተው ገቡ። ሰዉ አልሳቀም። አዳራሹ ሙሉ ብድግ አለ! ሳር ይዞ የቆመን ሽማግሌ ተቀምጦ የሚያይ በእኛ አገር የለም።

«ለምንድን ነው የተነሡት?» ይላል መምህራችን ከአንሶላው ኋላ በሹክሹክታ።

የባኬ ጃማው ሽማግሌ የከሰሉን ጢም አየት አደረጉት። ልጁ አልቦት ጢሙ እስከ አገጩ ወርዷል። «አንተ ተቀመጥ፣ ልጄ» አሉት በትሕትና። «የልጅቷ አባት እዚያ ነው ያለው።» ከመድረኩ ወርደው በቀጥታ ወደ ፊተኛው ወንበር፣ ወደ አባቴ ሄዱ።

ወይ ጉድ! ከምሬ ልታጭ ነው! ትራስ የወተፈው ልጅ ከእኔ ይብስ ደንግጧል፤ በዓይኑ መውጫ በር ይፈልጋል።

አባቴ እንደ ሰዉ ሁሉ ቆሟል። ፊቱ ደም መስሏል፤ ሊሄድ እንዳይችል ሳሩ ከፊቱ አለ። ሽማግሌው ሰላምታውን በወጉ አደረሱና «ልጅህን ልንለምን መጥተናል» አሉት በኦሮምኛ።

«ለማን?» አለ አባቴ።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ሽማግሌው ዘወር ብለው ወደ መድረኩ፣ ወደ እኔ ተመለከቱ። «ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ ለማን ብለን እንጠይቅልሽ?»

ሙሽራ በሽማግሌ ፊት ቀና ብላ አታይም፤ መናገርማ አይታሰብም። እኔ ግን ከዱካዬ ተነሣሁ። ነጠላው ከራሴ ወደቀ፣ ድምፄ ከጠዋቱ ጎርንኗል።

«ለዩኒቨርሲቲው!» አልኩ። «ለዩኒቨርሲቲው ጠይቁልኝ፣ አባባ!»

ሽማግሌው ፈገግ እንኳ አላሉም። ነገሩ ሁሌ የሚደረግ ይመስል ወደ አባቴ ተመልሰው «ሰምተሃል» አሉ። «ቤቱን ዛሬ አንተም አየኸው፣ እኔም አየሁት። አይሰክርም፣ አይማታም፣ ሚስት አይደርብም። የማይታየውን ያሳያል። ጨዋ ቤት ነው። ያለ ሽማግሌ አልሰጥም ብለህ ነበር አሉ፤ ይኸው መጣን።»

አባቴ ሳሩን አየ። እኔን አየኝ። እናቴ ጎኑ ቆማ ትንፋሿን ውጣለች። ትቶን ይወጣል ስል እጁን ዘርግቶ ከሽማግሌው መዳፍ አንዲት ሰበዝ ሳር መዘዘ።

«ተመልሳችሁ ኑ» አለ።

እልልታው ጣራውን ሊገነጥለው ደረሰ! እናቴ ናት የጀመረችው። ከቡርቃ ጃቶ የመጡት ሴቶች ተቀበሏት፣ ወንዶቹ አጨበጨቡ፣ ትራስ የወተፈው ልጅ ትራሱን አውጥቶ ወደ ላይ ወረወረው። ደስታው ሊገድለኝ ነው፤ አለቅሳለሁ፣ እስቃለሁ።

ምስኪኑ መምህራችን ከአንሶላው ኋላ ሮጦ ወጣና ትከሻዬን ያዘኝ። «አይዞሽ! አይዞሽ! ሄዳችሁ ተመለሱ አላቸው አይደል? ልጆቹ አስተረጎሙልኝ፣ እምቢ ማለቱ ነው። ነገ እኔ ራሴ አናግረዋለሁ!»

«ምን እምቢ ይላል!» አልኩት እየተንሰቀሰቅኩ። «ባንድ ጥያቄ ልጁን የሚሰጥ አባት አለ እንዴ? ልጁን የጠላ ይመስልበታል እኮ! እምቢ ያለ ሰው ሳሩን አይነካም።»

ማታ ካባችንን እያጣጠፍን ዩኒቨርሲቲያችንን ስንዘጋ እንኳ መምህራችን ራሱን እየነቀነቀ ነበር።

ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ ቤታችን ተመላለሱ፤ አባቴም እንደ ወጉ አስጨነቃቸው፤ መጨረሻ ላይ ሰጠ። ውጤት መጣ፤ አለፍኩ። መስከረም ላይ አውቶቡሱ ሲነሣ የባኬ ጃማው ሽማግሌ መረቁኝ፤ የቆመው ሁሉ «ሃ ተኡ»፣ ይሁን፣ አለ። እናቴ ነበረች፣ ጎረቤቱ ነበረ። አባቴ ግን አልመጣም። አባት ሙሽራ ልጁን አይሸኝም። ለካ ለእሱም ጨዋታ አልነበረም።

ይህ የገባኝ ግን በዓመቱ ነው። አንድ ጠዋት የዩኒቨርሲቲው ዘበኛ ክፍል ድረስ መጥቶ ጠራኝ። «አንድ ሰውዬ በር ላይ ቆመዋል። ምን ፈልገው ነው ብላቸው የአማቾቼ ቤት ነው ይላሉ። ጤነኛ ናቸው?»

ሮጥኩ። አባቴ ነጭ ኩታውን ለብሶ፣ ባርኔጣ ደፍቶ፣ የወለጋ ማር በማሰሮ ይዞ፣ ከበሩ አንድ እርምጃ ራቅ ብሎ ቆሟል። ሸቀጥ ሊገዛ መጥቶ ነው። ተጠመጠምኩበት።

«ምነው አባዬ፣ አትገባም?»

«ሳይጠሩኝ የአማች ደጅ እረግጣለሁ?» አለ፤ ቆጣ ብሎ። ከዚያ ከትከሻዬ በላይ ዛፎቹን፣ ሕንፃዎቹን፣ መጽሐፍ ታቅፈው የሚያልፉትን ልጆች አየ። ድምፁ ዝግ አለ። «ጥሪኝ እንጂ። የዚህ ቤት ሰው አንቺ ነሽ።»

እንባዬ ቀደመኝ። ወደ በሩ ውስጥ ተመለስኩ፣ እጄን አጣምሬ ጎንበስ አልኩ።

«ይግቡ፣ ጌታዬ» አልኩት።

ባርኔጣውን አወለቀ፣ ማሰሮውን አቀፈና ቀኝ እግሩን አስቀድሞ ገባ።