ለአሳላፊው አቀብል

ከወልድያ ወደ መርሳ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ወይዘሮ ጥሩወርቅ አጠገባቸው የተቀመጠውን ወጣት ከላይ እስከ ታች አዩት። ጫማው አዲስ ነው፤ ትንሿ ጣቱ በሒና ቀልታለች። እሱ ግን ላፕቶፑን ጭኑ ላይ ዘርግቶ፣ ስክሪኑ ደርቆ አልንቀሳቀስ ባለ ቁጥር «ያ አላህ!» ይልና ለብቻው ይስቃል።

«ምን ሆነብህ ልጄ?»

«እትዬ፣ ድግስ ላይ ወጥ ሠሪዋ ድስቷን ይዛ ዳስ ትገባለች?»

«ምን ቆርጧት! ጓዳ በር ላይ ለአሳላፊው ታቀብላለች እንጂ። ሁሉም ዳስ ከገባማ ወጡ እንግዳ ላይ ይደፋል።»

«የኔም ፕሮግራም እንደዚያው ነው። ከጀርባ ሥራውን ተካፍለው የሚሠሩት ትሬድ የሚባሉት፣ እንደ ጓዳ ወጥ ሠሪዎች ማለት ነው፣ ውጤታቸውን ራሳቸው ስክሪኑ ላይ ሊያወጡ ሲጋፉ ይደርቅብኛል። አሁን እያስተካከልኩት ነው፤ ውጤቱን ወረፋ ላይ አስቀምጠው ይመለሳሉ፤ ስክሪኑን የሚነካው አንዱ አሳላፊ ብቻ ነው።»

መርሳ ሲገቡ ስክሪኑ ሳይደርቅ ሠራ። ወጣቱ በደስታ አጨበጨበ። ወይዘሮዋ ጣቱን እያዩ ጠየቁት፦

«ሠርግህ መቼ ነው?»

«ነገ፣ ኢንሻአላህ! አሁን ሮጬ ዳሱን ልጣል፣ ወንበሩን ልደርድር፣ ድምፅ ማጉያውን...»

«አንተ ልጅ!» አሉ፣ ላፕቶፑን በጣታቸው እያመለከቱ። «ሚዜ ለምን ተፈጠረ? ለሱ አቀብልና አርፈህ ተቀመጥ!»