ንጉሡ በሌላ መንገድ ሄደ

ቅዳሜ፣ ንጋት 12 ሰዓት፤ ስኮትዴል

ጋሽ ታደለ ሱፋቸውን ግጥም አድርገው፣ በአንድ እጅ አበባ፣ በሌላው ቡናማ ፖስታ ይዘው ኮሮላዬ ውስጥ ገቡ። የቤተ ክርስቲያናችን ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው፤ እኔ ጸሐፊ። ትልቅ ቸርች ሲጠራው ጥሎን ዳላስ የሄደው ፓስተራችን ዛሬ ይመለሳል። እሱ በሌለበት፣ ጣሪያው በሚያፈስ አዳራሽ ተቀምጠን ደንብ ጻፍን፤ ማንም ሰው፣ ፓስተርም ቢሆን፣ ያለ አባላት ድምፅ ምእመን እንዳያግድ። እናቴን ከመዘምራን ያገዳት ጥያቄ ስለጠየቀች ብቻ ነበር። የተስማማነው በ285 አውራ ጎዳና ምሥራቅ አድርገን በቀጥታ ፒችትሪ ኮርነርስ ወዳለው አዳራሻችን እንድንወስደው፣ በሩ ላይ ደንቡን እንዲፈርም፣ ከዚያ መድረክ እንዲወጣ ነው። እናቴ የመዘምራን ልብሷን ተኩሳ በፌስታል ይዛለች፤ እዚያ ትጠብቀናለች።

1 ሰዓት፤ ወደ ኤርፖርት

እየነዳሁ የታሪክ ትረካ መስማት እወዳለሁ። ሰሞኑን የያዘኝ የስፔኑ ፈርዲናንድ ነው።

"ጋሼ፣ ስለ አንድ ንጉሥ ልንገርዎት?"

"ንገሪኝ፤ ከአነዳድሽ ሐሳቤን ካነሳልኝ።"

"ናፖሊዮን ፈረንሳይ ድረስ ጠርቶ ዘውዱን አስለቀቀውና ዙፋኑን ለገዛ ወንድሙ ሰጠ። ንጉሡ ስድስት ዓመት በሰው ቤተ መንግሥት እየበላ ለናፖሊዮን የእንኳን ደስ አለህ ደብዳቤ ይልካል፤ ሕዝቡ 'ተናፋቂው' እያለ በስሙ ይሞታል። የሕዝቡ እንደራሴዎች እሱ በሌለበት ሕገ መንግሥት ጻፉ። ሲመለስም፣ በዚህ መንገድ ና፣ ሕጉን ለማክበር ማል አሉት።"

"ማለ?"

"በሌላ መንገድ ሄደ፤ ወዳጆቹ ጋ። ሕጉን ሻረ፣ የጻፉትን አሰረ። ሕዝቡ ደግሞ ፈረሶቹን ፈትቶ ሠረገላውን ራሱ ጎተተለት።"

ጋሽ ታደለ ሳቁ። "ስፔኖች ሲሞኙ! እኛ ዶክመንት አለን" አሉና ፖስታውን መታ መታ አደረጉት።

2 ሰዓት ተኩል፤ ኤርፖርት

አሥራ አንድ መኪና ተሰልፏል። ፓስተሩ ወፍሯል።

"አሁን ያስፈርሙት" አልኩ በጆሯቸው።

"እንግዳ ገና ከአውሮፕላን ሲወርድ እስክሪብቶ ይሰጡታል? ነውር ነው።"

ፓስተሩ አበባውን አቀፈ። ፖስታውን ግን "ደርሰን እናየዋለን" ብሎ ከኋላ መቀመጫ ላይ ጣለው።

"የ85 አውራ ጎዳና ድልድይ ተቃጥሎ ወድቋል አሉ" አለ ከኋላዬ ሆኖ። "በስማይርና እናድርገዋ። ወዳጆቼ ቁርስ አሰናድተውልኛል።"

"ፓስተር፣ እኛ በምንሄድበት መንገድ ድልድዩ አይነካንም።"

"የኔ ልጅ፣ አንቺ ንጂ።"

ጋሽ ታደለን አየኋቸው። እሳቸው መስኮቱን ያያሉ። ፍሬቻ አበራሁና ወደ ምዕራብ ታጠፍኩ። አሥሩ መኪና ተከተለኝ። ሠረገላውን የጎተትኩት እኔ ነኝ፤ ይኼ እስካሁን ያንገበግበኛል።

4 ሰዓት፤ ስማይርና

ባለ ሦስት ጋራዥ ቤት። ጨጨብሳ በማር፣ የዶሮ ፍርፍር፣ የብርቱካን ጭማቂ በጆግ። ደንቡን አንፈርምም ያሉት አባላት ሁሉ ነጭ በነጭ ለብሰው ይጠብቁታል። በልቶ ተነሣ።

"እኔ በሌለሁበት አንድ ወረቀት ተጽፏል ሲሉ ሰማሁ። የእግዚአብሔር ቤት ወረቀት አያስፈልገውም።"

"አሜን" አለ ቤቱ። ጋሽ ታደለም አሜን አሉ። የኔም አፍ በልማድ ከፈት ብሎ ነበር፤ በጨጨብሳ ዘጋሁት።

ከዚያ ፓስተሩ በቤቱ ባለቤት ትልቅ መኪና ሄደ። የኔ ኮሮላ ከኋላ ቀረች።

7 ሰዓት፤ ፒችትሪ ኮርነርስ

እልልታው ፓርኪንጉ ድረስ ይሰማል። ስገባ መድረክ ላይ ነበር፤ በሩ ላይ ያስቆመው የለም። ኮሚቴውን ለአገልግሎቱ አመሰገነና ከዛሬ ጀምሮ አሰናበተው። ሕዝቡ አጨበጨበ። እናቴ መጨረሻው ረድፍ ላይ ፌስታሉን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች፤ አላጨበጨበችም። ውጪ ስንወጣ "ልብሱ እንዳይጨማደድ ከኋላ አንጥፊልኝ" ብቻ አለችኝ።

10 ሰዓት፤ ስኮትዴል

ልብሱን ላነሳ የኋላውን በር ስከፍት ቡናማው ፖስታ እዚያው ተጋድሟል። የኮሚቴው ሁሉ ፊርማ አለበት፤ የመጨረሻው፣ የፓስተሩ መስመር ባዶ ነው። ስልኬ ጮኸ፤ ጋሽ ታደለ ናቸው።

"ልጄ፣ ፓስተር ፖስታውን አንቺ ጋ ረስተውታል። ነገ ይዘሽላቸው ነይ።"

"አልረሳውም ጋሼ" አልኳቸው። "አበባውንማ ይዞ ወርዷል።"