ከምልከታ ቅጹ ጀርባ

ሦስት ክረምት የተማርኩትን አንድ ወረቀት ሊያጠፋብኝ ነበር። ወረቀቱ ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ፤ በማባዣ የተባዛ፣ ቀለሙ ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ፣ ሃያ ረድፍ ያለው የምልከታ ቅጽ። የመማሪያ ክፍሉ ንጽሕና፣ የሰሌዳ አጠቃቀም፣ የመቀመጫ አደረጃጀት፣ የክፍል ቁጥጥር እያለ ይወርዳል። ተማሪዎቹ ትምህርቱ ገባቸው ወይ የሚል ረድፍ የለውም። ሁለት ጊዜ ቆጠርኩት፤ የለውም።

ፊደል የቆጠርኩት በአሥራ አራት ዓመቴ ነው። አንደኛ ክፍል ስገባ አብረውኝ የሚማሩት ሕፃናት ከወገቤ ብዙም አያልፉም ነበር፤ መምህሩም ወንበር ሲጎድል «አንቺ ቁሚ፣ ቁመትሽ ይበቃሻል» ይለኝ ነበር። ቆሜ ተማርኩ። ዘግይቶ የተማረ ሰው በትምህርት ላይ ቀልድ አያውቅም። ለሌላው ተራ የሆነው ነገር ለእሱ ብርቅ ነው፤ መጽሐፍ ገልብጦ የሚያስቀምጥ ሰው እንኳ ያናድደዋል። እኔን ዛሬም ያናድደኛል።

የመምህራን ማሠልጠኛ ጨርሼ መተማ፣ ሸሕዲ ከተማ የተመደብኩት ደርግ ከገባ በኋላ ነው። አራተኛ ክፍል አስተምር ነበር። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ዘጠነኛ ክፍል ሲከፈት የእንግሊዝኛ መምህር ጠፋ። ከደጋ የሚመደቡት የመተማን ሙቀትና ወባ ሲሰሙ ጎንደር ላይ የሐኪም ወረቀት እያወጡ ይቀራሉ። ርዕሰ መምህሩ፣ በዕድሜ የሚያንሰኝ ትሑት ሰው፣ አንድ ቀን ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ስመልስ ጠብቆ «እትዬ፣ ከእርስዎ በላይ እንግሊዝኛ ያነበበ እዚህ የለም፤ ይያዙልኝ» አለኝ። ያዝኩ። ሁለተኛ ደረጃ ለማስተማር ግን ዲፕሎማ ያስፈልጋል፤ ዲፕሎማው እስኪመጣ ክፍሉ በአደራ ነው የተሰጠኝ።

ዲፕሎማው የሚገኘው በክረምት ኮርስ ነው። ዝናብ ሲመጣ ሰው ሁሉ ቤቱ ሲከተት እኔ ሻንጣዬን ይዤ እወጣለሁ። የቆላው ጥቁር አፈር ውሃ ሲጠጣ ጫማ ከእግር ይነጥቃል። መኪና ስለማያልፍ ትራክተር በሚጎትተው ተሳቢ ላይ ተቀምጬ እስከ ጠንካራው መንገድ እደርሳለሁ፤ ከዚያ በጭነት መኪና ወደ ደጋ። ኮሌጁ ስገባ ቀሚሴ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ነው። ከደጋ ከተሞች የመጡት ወጣቶች «እናታችን ከእርሻ መጡ» እያሉ ይሳሳቁ ነበር። እኔ የፊት ወንበር ላይ ሄጄ እቀመጣለሁ።

ሰዋስው፣ ድርሰት፣ ሥነ ጽሑፍ ወሰድን። እነዚህን ያስተማሩኝን እስከ ዛሬ አመሰግናለሁ። የቀረው ግን! የድምፅ አወጣጥ ኮርስ የሚሰጠው በአንዲት የተንኮታኮተች ቴፕ ነበር፤ ክፍል ሙሉ ሰው ዙሪያዋን ከቦ በደንብ የማይሰማውን የእንግሊዝ ድምፅ ይደግማል። የሥነ ልቦናው መጽሐፍ የልጅን ዕድገት የሚያስረዳው በበረዶ ላይ በሚንሸራተቱ ልጆች ምሳሌ ነው። የማርክሲዝም ሌኒኒዝም ፍልስፍና ከሥነ ጽሑፍ እኩል ሰዓት ነበረው፤ እሱን የወደቀ እንግሊዝኛ ማስተማር አይችልም። ለምን ብሎ የጠየቀ የለም። እኔም አልጠየቅሁም፤ ሸምድጄ ኤ አገኘሁ። የማስተማር ዘዴ የሚባለው ኮርስ ደግሞ ስለ ክፍል ቁጥጥር አሥራ አራት ነጥብ ነበረው። ሁሉንም በቃሌ አውቃቸዋለሁ። ክፍሉ ግድግዳ ከሌለውስ የሚል አንድም የለበትም።

ሁሉንም ጨርሼ አንድ ቀረኝ፤ የማስተማር ልምምድ። ከኮሌጁ ተመልካች መጥቶ ዘጠነኛ ክፍል ሳስተምር ማየት አለበት። በሁለት ዓመት ውስጥ ካልታየሁ የሦስቱ ክረምት ውጤት ይሰረዛል፤ እኔ ወደ አራተኛ ክፍል እመለሳለሁ፤ ልጆቼም ያለ መምህር ይቀራሉ። የመጀመሪያው ዓመት ተመልካቹ አልመጣም። መንገዱ አስቸጋሪ ስለሆነ የሚል ደብዳቤ መጣ። እኔ በዚያው መንገድ ሦስት ክረምት ስድስት ጊዜ ተመላልሼበታለሁ።

በሁለተኛው ዓመት፣ ጥቅምት ላይ፣ ማክሰኞ እመጣለሁ የሚል ደብዳቤ ደረሰኝ። ደብዳቤው በደረሰ በማግሥቱ ሌላ ትእዛዝ መጣ፤ ከሰባተኛ ክፍል በላይ ያለ ተማሪና መምህር በሙሉ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መንግሥት እርሻ ይዝመት። ሰሊጥ ቀን አይሰጥም። የፍሬው ከረጢት ሳይከፈት ካልታጨደ መሬት ላይ ይፈስሳል፤ ከጎጃምና ከወሎ የሚወርደው ሳሉግ፣ የቀን ሠራተኛው ማለቴ ነው፣ በዚያ ዓመት አልበቃም ነበር። ይህን አልቃወምም። የጠየቅሁት ለአንድ ቀን፣ ለአንድ ክፍለ ጊዜ ክፍሌን እንዲያስቀሩልኝ ነው። ርዕሰ መምህሩ አንገቱን ደፍቶ ትእዛዙ ከበላይ ነው አለ። ተመልካቹም ከበላይ ነው የሚመጣው ስለው፣ «እትዬ፣ የበላዮቹ እርስ በርስ አይነጋገሩም፤ ይኸው ነው» አለኝ። ለተመልካቹ ማስታወሻ ጽፌ ትቼ ዘመትኩ።

ማክሰኞ ረፋዱ ላይ፣ ነዶ ሳስር፣ ውሃ የሚያመላልሰው የትራክተር ሾፌር ከሩቅ ተጣራ። «እትዬ መምህር! የሚጠብቁት ሙሽራ ከተማ ገብቷል፤ ጥላም ይዟል። ሙሽሪት ማጭድ ይዛ ማሳ ናት ብዬዋለሁ።» ተማሪዎቼ ሳቁ። እኔ ተሳቢው ላይ ወጣሁ።

ተመልካቹን ያገኘሁት አንድ ነጋዴ ሱቅ በር ላይ ሻይ ሲጠጣ ነው። ሠላሳ ዓመት የማይሞላው፣ ሸሚዙ በላብ ከጀርባው የተጣበቀ ሰው። ማስታወሻዬን አንብቧል። ቅጹ ጉልበቱ ላይ ነበር፤ «አልተገኘችም» ብሎ ሊጽፍ እንደነበር ነገረኝ። ልጆቹ በሙሉ ማሳ ናቸው፣ ለምሳ አንድ ሰዓት ያርፋሉ፣ ይምጡና እዚያ ይዩኝ አልኩት። ማሳ ክፍል አይደለም አለ። ያስወጣን መንግሥት ነው፣ እርስዎንም የላከ መንግሥት ነው፤ በመካከል እኔ ምን ልሁን ይላሉ ብዬ ጠየቅሁት። ሻይ የሚቀዳው ነጋዴ ሲሰማ ቆይቶ «ወንድሜ፣ ተነሥ፤ ሻዩ ከእኔ ነው» አለው። ተነሣ።

ከማሳው ቀድሞ የደረሰው ቦታ ታጭዶ ነበር። ነዶው አርባ ሃምሳ እየሆነ እርስ በርሱ ተደጋግፎ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ሂላ ይባላል። የደረቀ ሂላ ከረጢቱ ወደ ላይ አፉን ከፍቶ ነው የሚጠብቀው። ሰሊጥ በሚታጨድበት አገር ያደገ ሕፃን እንኳ አይነካውም፤ ሸራ ተነጥፎ እስኪራገፍ ድረስ በአጠገቡ ሲያልፍ ቀሚሱን ይሰበስባል።

ልጆቼን በተሳቢው ጥላ ሥር ሰበሰብኩ። የዕለቱ ትምህርት ሰሊጥ ከማሳ እስከ ጆንያ እንዴት እንደሚደርስ በእንግሊዝኛ በቅደም ተከተል ማስረዳት ነበር። ዕቅዱን ያወጣሁት ሌሊቱን አይደለም፤ ሳምንት ሙሉ ነዶ ሳስር በልቤ ሳወጣው ሳወርደው የከረምኩት ነው። የተሳቢውን የብረት ጎን በጠመኔ ጻፍኩበት። ልጆቹ ማጭዳቸውን እያነሡ፣ ነዶ እያሳዩ መለሱ። ክፍል ውስጥ አፉን ከፍቶ የማያውቅ ልጅ ያን ቀን ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናገረ።

ያኔ ተመልካቹ ከተቀመጠበት ተነሣ። ልጆቹ መሬት ላይ ተበታትነው መቀመጣቸው ከቅጹ ጋር አልተስማማለትም። ወደ ሂላው በእጁ እያመለከተ «ተነሡ፤ እነዚያን ነዶዎች አምጡና በረድፍ ተቀመጡባቸው» አለ።

አንድም ልጅ አልተነሣም።

«አልሰማችሁም?»

ወደ እኔ ዞረና እንዳዛቸው ነገረኝ። አይሆንም አልኩት። ሊሆን የማይችልበትን ምክንያት ላስረዳው አፌን ስከፍት ከመካከል አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። አባቷ በዚያው እርሻ የሚሠራ፣ ጣቶቿ በማጭድ የተሰነጣጠቁ ልጅ ናት። ተነሥታ በእንግሊዝኛ ተናገረች። ጌታዬ፣ ነዶው ደርቋል፤ ከረጢቶቹ ተከፍተዋል፤ ከተነሣና ከተጋደመ ፍሬው መሬት ላይ ይፈስሳል፤ የፈሰሰ ሰሊጥ አይለቀምም፤ ስለዚህ ልንቀመጥበት አንችልም፣ ይቅርታ ያድርጉልን አለችና ተቀመጠች። የዕለቱን ትምህርት ሁሉ፣ ካስተማርኩት በላይ አድርጋ፣ ማንም ሳያዛት ለሚያስፈልግ ነገር አዋለችው። እኔ ለዚህ ነው የተማርኩት። ለዚህ ነው ጭቃ የተሻገርኩት።

ተመልካቹ ቀና ብሎ አያት፤ ከዚያ አቀርቅሮ ጻፈ።

ቅጹን የሰጠኝ እንድፈርምበት ነበር፤ የታየው መምህር ካልፈረመ ምልከታው አይቆጠርም። አነበብኩት። የክፍል ንጽሕና፣ ዜሮ። የመቀመጫ አደረጃጀት፣ ዜሮ። የክፍል ቁጥጥር፣ ደካማ። ከሥሩ «ተማሪዎቹ የተመልካቹን መመሪያ ለመቀበል ፈቃደኛ አልሆኑም፤ መምህርቷም አላስገደደቻቸውም» ይላል።

«ፈርሚ» አለኝ። «ለማለፊያ የሚሆን ሰጥቼሻለሁ። የጭነት መኪናው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይነሣል።»

«ልጅቷ የተናገረችው የት አለ?»

«ገብቶኛል የተናገረችው።»

«ከገባዎት ይጻፉታል።»

«ጓዲት፣ ለእሱ ረድፍ የለውም።»

በዕድሜ የሚያንሰኝ ሰው አንቺ ሲለኝ አልፌው ነበር፤ ይህን ግን ማለፍ አልቻልኩም። ብፈርም ዲፕሎማዬ ተገኘ፤ ነገር ግን ልጆቼ ስድ ናቸው ብዬ መሰከርኩ። ባልፈርም ሦስቱ ክረምት ገደል ገባ። ቅጹን ገለበጥኩትና የተሳቢው ብረት ላይ አስደግፌ በጀርባው መጻፍ ጀመርኩ። የሆነውን ሁሉ፣ ልጅቷ ያለችውን ቃል በቃል፣ በእንግሊዝኛ። ምን እያደረግሁ እንደሆነ ጠየቀኝ። እየፈረምኩ ነው አልኩት። ሾፌሩ ክላክስ አደረገ፤ አልቸኮልኩም። ሥርዓተ ነጥቡን ሁሉ አስተካክዬ፣ ደግሜ አንብቤ፣ ከጀርባው ጽሑፍ ሥር ፈረምኩና ሰጠሁት። ሊቀድደው አይችልም፤ ቅጹ ቁጥር ስላለው ይጠየቅበታል። አጥፎ ቦርሳው ውስጥ ከተተው። ሰላም ሳይለኝ ተሳቢው ላይ ወጣ።

ልጅቷ ማጭዷን ይዛ ቀረበች። «ቲቸር፣ ተሳሳትኩ?»

«አንድ ቦታ።»

«የቱ ጋ?»

«ክፍል ስንገባ እነግርሻለሁ። አሁን ምሳሽን ብዪ።»

ውጤቱ መጋቢት ላይ ከጎንደር በመጣ አውቶቡስ ደረሰ። የማስተማር ልምምድ፣ ሲ። አልፌያለሁ፤ ዘጠነኛ ክፍል ከእንግዲህ በአደራ ሳይሆን የእኔ ነው። ርዕሰ መምህሩ ደስ ብሎት ሁለት እጄን ያዘኝ። እኔ ግን ሦስት ክረምት ለፍቼ ካገኘሁት ውጤት ሁሉ ሲ እሷ ብቻ መሆኗ ቆጨኝ፤ ዛሬም ይቆጨኛል። ይቺን ሲ የሰጠኝ ትምህርቴ አይደለም፤ ያልፈሰሰ ሰሊጥ ነው።

ከውጤቱ ጋር በስፒል የተያያዘ ማሳሰቢያም ነበር። በኮሌጁ ቅጽ ጀርባ ላይ መጻፍ የተከለከለ ስለሆነ ለወደፊቱ ጥንቃቄ እንዲደረግ ይላል። እንግዲህ ገልብጠው አይተውታል። አይተውት፣ ስለ ልጅቷ አንዲት ቃል እንኳ አልመለሱም።

ማሳሰቢያውን ይዤ ክፍል ገባሁና ሰሌዳው ላይ ጻፍኩት። ከየት እንደመጣ አልነገርኳቸውም። ወደ እንግሊዝኛ መልሱት አልኳቸው። ልጅቷ ከሁሉ ቀድማ ጨረሰች። አንድም ስሕተት አላገኘሁባትም።