ሼህ ሐሚድ ታብሌት የመረጡ ዕለት

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ለአራተኛ ጊዜ እዚያው ሱቅ ገባሁ...

ባለሱቁ ገና ሲያየኝ ፈገግ አለ። የደስታ ፈገግታ ግን አልነበረም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ታብሌት ስመርጥ የከረምኩ ሴት ነኝ።

ሁለት ልጆች አሉኝ። ትምህርታቸውን የሚከታተሉት በእኔ ስልክ ነው፣ እኔም የቢሮ ሪፖርት የምሠራው በዚያው ስልክ ነው። ባለፈው ትንሿ ልጄ ጌም ልትጭን ብላ ያለቀ ሪፖርቴን አጠፋችው። ከዚያ ወዲህ ዕረፍት የለኝም። ርካሹን እንዳልገዛ ይንቀራፈፋል አሉኝ። ውዱ ከአቅሜ በላይ ነው። መሃል ላይ ያሉት ደግሞ ብዛታቸው... አንዱ ባትሪው ይቆያል ግን ሲም አይቀበልም። ሌላው ሲም ይቀበላል፣ ካሜራው ግን ጭጋግ ነው የሚያነሳው። ስብሰባ ላይ ሆኜ እንኳ ከጠረጴዛ ሥር የማነበው ስለ ታብሌት ነበር። የአሶሳን ሱቆች ዞሬ ዞሬ እንደገና እዚያው።

ሁለቱን ጎን ለጎን አስወጥቼ አንዴ ይኼን አንዴ ያንን ሳነሳ ስጥል አንድ ሽማግሌ ገቡ። ነጭ ጀለቢያ፣ ነጭ ቆብ። ሼህ ሐሚድ እንደሚባሉ ያወቅሁት በኋላ ነው። የበርታ ብሔረሰብ ሰው ናቸው። አማርኛን ከቋንቋቸው በኋላ የለመዱት ስለሆነ ወንዱንም ሴቱንም «አንተ» ነው የሚሉት።

ታብሌት እንዲያሳያቸው ጠየቁት። ባለሱቁ ስለ ራም፣ ስለ ስቶሬጅ ማስረዳት ሲጀምር አልሰሙትም። ትንሿን ጣታቸውን ዘርግተው፣ ሕይወት እንደሌላት አድርገው ስክሪኑ ላይ ጣል አደረጓት። ምንም የለም። «ሌላ» አሉ። ሁለተኛው ላይም እንዲሁ። «ሌላ።»

አላስቻለኝም፣ ምን እያደረጉ እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«ሚስቴ ታመመ» አሉኝ። «ምላስ እንቢ አለ። እጅም እንቢ አለ። አንድ ጣት ብቻ ቀረ... እሱም ጉልበት የለው። እሱ ሲነካው የሚሰማ እፈልጋለሁ።»

ባለቤታቸው ስትሮክ ከመታቸው አራት ወር ሆኗቸዋል። አንዲት ነርስ በፎቶ እያመለከቱ መነጋገር ይችሉ ይሆናል ብላቸው ነው ሱቅ የመጡት።

አምስተኛው ላይ ጣታቸው ገና ከማረፏ ስክሪኑ ተከፈተ። «ይኼ ነው» አሉ። እኔ ሦስት ሳምንት ያቃተኝን እሳቸው በሩብ ሰዓት ጨረሱት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፦

«ልጄ፣ አንተ የተማርክ ነህ። ፎቶ ማስገባት ታውቅ ይሆን?»

ሁለቱን ታብሌቶች ባንኮኒው ላይ ጥዬ ተከተልኳቸው።

ቤታቸው በቀርቀሃ የታጠረ ነው፣ ደጁ ላይ ትልቅ ማንጎ አለ። ባለቤታቸው እማማ ሐዋ መስኮቱ ሥር ተኝተዋል። ልጃቸው ዘሃራ እግራቸውን እያሸች ነበር። አባቷ ከዚህ ክፍል ሲወጡ በአራት ወር ውስጥ ዛሬ የመጀመሪያቸው እንደሆነ በሹክሹክታ ነገረችኝ። የሚበሉት እዚያው፣ የሚሰግዱት እዚያው፣ የሚያንቀላፉት ከአልጋው አጠገብ ወንበር ላይ ነው።

ፎቶ ማንሳት ጀመርኩ። ውሃ። ገንፎ። መድኃኒት። ትራስ። ሙቀት ሲያስቸግራቸው እንዲከፈትላቸው ደግሞ በሩን። ቀጥሎ ዘሃራን። መጨረሻ ላይ ሼህ ሐሚድ ቆባቸውን አስተካክለው ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ባለቤታቸው ሲፈልጓቸው እንዲጠሯቸው ነው ነገሩ። ሁሉንም አንድ ገጽ ላይ በትልልቁ ደርድሬ ታብሌቱን እማማ ሐዋ እጅ ሥር አደረግሁላቸው።

ሼህ ሐሚድ በበርታ ቋንቋ ቀስ ብለው አስረዷቸው።

እማማ ሐዋ አዩት። ከዚያ ዓይናቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ።

ባይሆንስ? የሽማግሌውን ተስፋ ከፍ አድርጌ ልጥለው ነው? ቁጭ ልበል፣ ልነሳ... መቀመጫ አጣሁ።

በመጨረሻ ጣቷ ተንቀሳቀሰች። እየተንቀጠቀጠች ሄዳ የሼህ ሐሚድ ፎቶ ላይ አረፈች።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ ሽማግሌው።

ጣቷ ግን አልቆመችም። በሩ ላይ ሄደች። ሼህ ሐሚድ ዘለው ተነስተው በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት። እንደገና የእሳቸው ፎቶ... እንደገና በሩ። ሙቀት አይደለም ብርድ ነው ብለው መልሰው ዘጉት። እማማ ሐዋ ለሦስተኛ ጊዜ፣ አሁን ጠንከር አድርገው፣ የእሳቸው ፎቶ... በሩ።

ዘሃራ አፏን በሻሿ ሸፈነች። ለአባቷ በቋንቋቸው የሆነ ነገር አለቻቸውና ወደ እኔ ዞራ ተረጎመችልኝ።

«እማማ የምትለው፣ አባባ ይውጣ ነው።»

ሽማግሌው ተሰበሩ ብዬ ፈራሁ። ጎንበስ ብለው ራሳቸው ጠየቋቸው። እማማ ሐዋ አዎ ለማለት ዓይናቸውን ጨፍነው ገለጡ። ደህነኛው የከንፈራቸው ጫፍ ወደ ላይ ተሳበ።

ሼህ ሐሚድ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

«ድሮም እንዲህ ነው» አሉኝ። «እኔ ቤት ስውል አይወድም።»

ጫማቸውን አድርገው ወጡ። ደጁ ጋ ሲደርሱ ግን አላስቻላቸውም፣ ተመልሰው አንገታቸውን በበሩ ብቅ አድርገው ውሃ ይፈልጉ እንደሆነ ጠየቋቸው። ጣቷ ቀድማ በሩ ላይ ነበረች።

ከማንጎው ሥር ከጎረቤታቸው ጋር ሲቀመጡ በመስኮቱ አየኋቸው። እማማ ሐዋ ረጅም ትንፋሽ አውጥተው እንቅልፍ ወሰዳቸው።

አንዲት «እስቲ ትንሽ ተወኝ» የምትል ቃል አራት ወር ሙሉ ደረት ላይ ስትቀመጥ እንዴት ትከብድ ይሆን...